መስጂድ የዘጋ ሕግ፣ ስታዲየም የሞላ ፖለቲካ፦ ነገሩ ከደባርቅ ሲታይ

በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ በይፋ ሲነገር ብዙዎቻችን ያስታወስነው 2012ን ነው፤ እጅ አትጨባበጡ፣ አትሰብሰቡ፣ ራቅ ራቅ በሉ የተባልንበትን ዓመት። አልሐምዱሊላህ፣ የጂንካው በሽታ አገር አላዳረሰም። አንድ ጥያቄ ግን አንሥቶብናል። ነገ ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ እንደዚያን ጊዜ «መስጂዳችሁን ዝጉ፣ ገበያ አትውጡ፣ ለቅሶ አትድረሱ» ብንባል የሚሰማ ሰው ይኖራል?

ሰባተኛው አገራዊ ምርጫ ለ2018 በተቀጠረበት ዓመት ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። የወረርሽኝ ሕግና የምርጫ ቅስቀሳ ፊት ለፊት ሲገናኙ የትኛው እንደሚያሸንፍ በ2013 አይተናልና። ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ሳይሆን ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነሥተን የምናየውም በምክንያት ነው። የሕግ ክብደት የሚታወቀው በሚያርፍበት ትከሻ ነው።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትላልቅ ስብሰባዎችና የስፖርት ውድድሮች ታገዱ። መጋቢት 22 ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 የቀጠረውን ምርጫ በወቅቱ ማካሄድ እንደማይችል አሳወቀ። በዚያው ሰሞን የአማራ ክልል ባሕር ዳርን ጨምሮ በአራት ከተሞች ነዋሪው ለ14 ቀን ቤቱ እንዲቀመጥ አዘዘ። መጋቢት 30 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ።

አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ሕዝብ በሚገኝበት ቦታ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ከወንበሩ በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተደረገ። ሕጉን የተላለፈ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ቅጣቱ በወረቀት ብቻም አልቀረም። በግንቦት 2012 በአዲስ አበባ ጭምብል ባለማድረግ ከሺህ በላይ ሰዎች መያዛቸውን ፖሊስ ራሱ ተናግሯል።

ለመንግሥት ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጥቀስ አለብን። እንደ አውሮፓ አገሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አልተመረጠም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በወቅቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ ቤት የሌለው ብዙ ዜጋ እንዳለ፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በየቀኑ ወጥቶ የሚያገኝ መሆኑን ተናግረዋል። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምርም ተከልክሎ ነበር። እነዚህ ድሃውን ያሰቡ ውሳኔዎች ነበሩ። ችግሩ የመጣው ሕጉን በማውጣት ሳይሆን በኋላ፣ ሕጉ ማንን እንደሚመለከት ሲታይ ነው።

ሕጉ ደባርቅ ላይ ሲያርፍ

ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የምትገኝ፣ ሊማሊሞ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ኑሮውን ከእንግዳው ጋር አያይዟል። አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ይዞ እንግዳውን የሚያጅበው እስካውት፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ሆቴሉና ለሆቴሉ እንቁላልና ገብስ የሚያቀርበው ገበሬ በአንድ ክር የተሳሰሩ ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓለም አቀፍ በረራዎች መቋረጥ ሲጀምሩ ክሩ ተበጠሰ። እንግዳ መጣም አልመጣም በቅሎ ገብስና ጭድ ይፈልጋል።

በዚህ ከተማ ከሁሉ ይልቅ ሕጉ የከበደባቸው ወገኖቻችን የግጭ ሰዎች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። ግጭ በፓርኩ ውስጥ፣ ደጋው ላይ የነበረ መንደር ነው፤ አብዛኛው ነዋሪውም ሙስሊም ነበር። ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ለማስወጣት በተደረገው ጥረት በ2008 አካባቢ ከ400 በላይ አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። እርሻና ከብት ያውቅ የነበረው ሰው ግን በከተማ የቀን ሥራና ትንንሽ ንግድ ውስጥ ገባ። እነዚህ ሰዎች ለአገር ቅርስ ሲባል አንድ ጊዜ ከቀያቸው ተነሥተዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ለአገር ጤና ሲባል ቤታችሁ ተቀመጡ ተባሉ። የቀን ሠራተኛ ቤቱ ሲቀመጥ የሚበላው እንደሌለ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ መስጂዱ አለ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የጀመዓ ሶላት እንዲቆም ሲወስን በመላ አገሪቱ ሙስሊሙ ተቀብሏል። ሚያዝያ 16 ቀን 2012 የገባው ረመዳን ተራዊሕን በየቤታችን የሰገድንበት ረመዳን ነበር። ግንቦት 16 የዋለው ዒድም ሶላት ሜዳው ባዶ ሆኖ አለፈ። ጁምዓ ሲቀር፣ ለጀናዛ እንኳ ቁጥር ሲወጣለት ምን እንደሚሰማ የምናውቀው እኛ ነን። ቢሆንም ከነፍስ የሚበልጥ ስለሌለ ተቀበልነው። ሐረሙ ራሱ ከጠዋፍ ባዶ ሆኖ፣ ሐጅ በሳዑዲ ውስጥ ለነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቅዶ አይተናል። በደባርቅና በዳባት ያሉ ትንንሽ መስጂዶች ከዚያ አይበልጡም ብለን ዝም አልን።

ሕግ አውጪው የት ነበር?

አዋጁ አምስት ወሩን ጨርሶ በ2013 መባቻ ሳይታደስ ቀረ። ሕግ ግን አልቀረም ነበር። በመስከረም 2013 መጨረሻ መመሪያ ቁጥር 30 ሥራ ላይ ዋለ። ጭምብል ግዴታ ነው፤ መጨባበጥ ክልክል ነው፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ ያስፈልጋል፤ ከ50 ሰው በላይ ለሚገኝበት ስብሰባ ፈቃድ ይጠየቃል። በመጋቢት 2013 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሲጨናነቁ የጤና ሚኒስቴርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መመሪያው በጥብቅ እንደሚፈጸም፣ የሚጥስም እንደሚጠየቅ አስታወቁ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2013፣ ጅማ ላይ የሆነውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቅስቀሳ ንግግር ያደረጉበት ስታዲየም በብዙ ሺህ ሕዝብ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሁለት እርምጃ ይቅርና ትከሻ ለትከሻ የማይነካካ ሰው አልነበረም። ምርጫው ከአምስት ቀን በኋላ ተደረገ። ከዚያ በፊት በጥርና በየካቲትም በኦሮሚያ ከተሞች ገዢውን ፓርቲ የሚደግፉ ትላልቅ ሰልፎች ተደርገዋል። ተፎካካሪ ፓርቲዎችም ዕድሉን ባገኙበት ቦታ ሕዝብ ሰብስበዋል። ስለ ስታዲየሙ የተጠየቀ ባለሥልጣን አልሰማንም።

ነገሩ የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወረርሽኙ ምክንያት ከፌዴራል መንግሥቱም ቀድሞ፣ በመጋቢት 2012፣ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀው የትግራይ ክልል አስተዳደር ነበር። ያው አስተዳደር ጳጉሜን 4 ቀን 2012 በራሱ ምርጫ አካሄደ። በሌላ በኩል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ወረርሽኙን ምክንያት አድርጎ የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። አንዱ ወገን በሽታው ምርጫ ያስቀራል ሲል ሌላው አያስቀርም አለ። በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ ክርክሩ የሐኪሞች ሳይሆን የወንበር ክርክር ሆነ። ሕዝቡም ይህን ልብ አለ፦ ሥልጣን ሲፈልገው ቫይረሱ ይከብዳል፤ ሥልጣን ሳይፈልገው ቫይረሱ ይቀላል።

አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚሉት ለዚህ ነው። የስታዲየሙን ምስል ያየ የደባርቅ ጫኝ ነገ ጭምብል አድርግ ሲሉት ምን ብሎ ይመልሳል? በአውቶቡስ ግማሽ ወንበር ምክንያት እጥፍ ከፍሎ ጎንደር የሄደ የዳባት ነጋዴስ? ሰው ሕግን የሚያከብረው ቅጣት ፈርቶ ብቻ አይደለም። ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል መጫኑን ሲያይ ነው።

ሌላ አገር እንዴት ሆነ?

ሕግ የሚጥስ ባለሥልጣን በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው። እኛ አገር አዋጁ በታወጀበት በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 30 ቀን 2012፣ የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ራማፎዛ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትራቸውን ለሁለት ወር ከሥራ አገዱ፤ የአንዱን ወር ደመወዝም ከለከሉ። ጥፋታቸው በእገዳው ወቅት ወዳጅ ቤት ምሳ መብላታቸው ነበር። ጋና ውስጥ ምክትል የንግድ ሚኒስትሩ ኮቪድ እንዳለባቸው እያወቁ የመራጮች መመዝገቢያ ጣቢያ በመሄዳቸው በሰኔ 2012 መጨረሻ ከሥልጣን ለቀቁ። የጋናው ጉዳይ በተለይ ለእኛ ይቀርባል፤ እዚያም ምርጫ ነበርና። እነዚህ ሁለቱም አፍሪካውያን አገሮች ናቸው። «ይህ የነጮች ቅንጦት ነው» የሚለው መልስ አያስኬድም።

ብሪታንያ የተለየ መንገድ ሄዳ ዋጋውን አይታለች። የጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ዋና አማካሪ ሕዝቡ ቤቱ ተቀመጥ በተባለበት ወቅት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ከለንደን ወደ ቤተሰባቸው አገር መሄዳቸው ሲጋለጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተከላከሉላቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በዚያው ዓመት ያወጣው ጥናት 40 ሺህ ያህል ሰዎች የሰጡትን መልስ ተከታትሎ ነበር። ዜናው ከወጣ በኋላ በእንግሊዝ ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ያለው እምነት በግልጽ ወረደ፤ የራሳቸው አስተዳደር ባላቸው በስኮትላንድና በዌልስ እንዲህ ያለ መውረድ አልታየም። በኋላም ጆንሰን ራሳቸው በመሥሪያ ቤታቸው በተደረገ ግብዣ ምክንያት በሚያዝያ 2014 በፖሊስ ተቀጡ። ዘግይቶም ቢሆን ሕጉ ወንበሩ ድረስ ወጣ።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

የወረርሽኝ ገደብ ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ካለበት አገር እንዳንገባ፣ ካለንበትም ሸሽተን እንዳንወጣ ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ላይ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጅሮችን፣ አንሷሮችንና የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማክረው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ተብለው ሲጠየቁም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ።

ብዙ ጊዜ የማናነሣው የታሪኩ ሌላ ክፍል አለ። የሻም ሠራዊት አዛዥ አቡ ዑበይዳህ (ረ.ዐ) ነበሩ። ዑመር እንዳያጧቸው ፈርተው ወደ መዲና እንዲመጡ ጠሯቸው። አቡ ዑበይዳህ የጥሪው ምክንያት ገባቸው። ከወታደሮቻቸው ተለይተው ለራሳቸው ብቻ መዳንን እንደማይፈልጉ ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። ከሕዝባቸው ጋር ቆዩ፤ በዐምዋሱ ወረርሽኝም ከሕዝባቸው ጋር ሞቱ። ወታደሩ መውጣት ካልቻለ አዛዡም አይወጣም ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመኽዙም ጎሣ የሆነችው ሴት በሰረቀች ጊዜ ስለ እርሷ ምልጃ ሲቀርብላቸው የተናገሩትም ለዚህ ይሆናል። ከእናንተ በፊት የነበሩት የጠፉት ባለ ክብሩ ሲያጠፋ እየተዉ ደካማው ሲያጠፋ ስለሚቀጡ ነው የሚል ትርጉም ያለው ትምህርት ነው። ዐድል ማለት ይኸው ነው።

«ግን አስገዳጅ ነበር» ለሚሉ

አንዳንዶች ምርጫው መደረግ ነበረበት፣ ጦርነትም ነበር፣ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም ይላሉ። ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል ወደዚህ ሲቃረብ፣ ጭና ላይ ያ ሁሉ ንጹሕ ሰው ሲያልቅ፣ ተፈናቃይ በደባርቅና በዳባት ተጠልሎ ሳለ ስለ ሁለት እርምጃ መራራቅ ማውራት የሚቻል አልነበረም። ያ ዶሩራ ነው። ፊቅህ ግን ዶሩራ በልኩ ይመዘናል ይላል። ከሞት የሸሸች እናት በአንድ ክፍል ከብዙ ሰው ጋር ማደሯና ፖለቲከኛ ስታዲየም ሞልቶ ማስጨብጨቡ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ምርጫ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ድምፅ ሰጪው ተራርቆ ተሰልፎ መምረጥ ይችላል። የተጨናነቀ ሰልፍ ግን ግዴታ አልነበረም።

ሌሎች ደግሞ «ታዲያ በሽታው ውሸት ነበር» የሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው። በአገራችን በይፋ የተመዘገቡት የኮቪድ ሟቾች ብቻ ከ7,500 ይበልጣሉ። በሽታው እውነት ነበር። ሐሰት የሆነው የፖለቲከኛው ጥንቃቄ ነው። አንዱ በሌላው ምክንያት መካድ የለበትም።

ዛሬ ያለው ዕዳ

ከ2012 ወዲህ ደባርቅ ላይ ሦስት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልፏል። የመጀመሪያው የኮቪድ ነው። ሁለተኛው በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ምክንያት በመላ አገሪቱ የታወጀው ነው። ሦስተኛው ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የታወጀው ነው። ዛሬ በዚህ አካባቢ «ከቤት አትውጣ» የሚለው ቃል ሲሰማ ቀድሞ ትዝ የሚለው ወታደር እንጂ ሐኪም አይደለም። ነገ ሐኪሙ እውነት ይዞ ቢመጣም በዚያው ጆሮ ነው የሚሰማው።

ይህ ዕዳ ለማን እንደሚተርፍ ለማየት ዳባትን ማሰብ ይበቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት፣ ጤናና በሽታ ይመዘግባል። በአገራችን እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው አካባቢ ጥቂት ነው። ሥራው የቆመው መዝጋቢው ሲያንኳኳ እናቶች በር ከፍተው እውነቱን ስለሚነግሩት ነው። ክትባት፣ ምርመራ፣ የወረርሽኝ ክትትል ሁሉ በዚያ በተከፈተ በር ይገባል። ባለሥልጣን በአደባባይ የናቀው ሕግ የሚያዘጋው ይህን በር ነው።

ምን እንጠይቅ? እኛስ ምን እናድርግ?

ከመንግሥትና ከፓርቲዎች የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወረርሽኝ ገደብ ሲወጣ ባለሥልጣን ሲጥሰው ማን እንደሚጠይቀው በሕጉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ ቅጣቱም ከተራው ሰው አይነስ። ሁለተኛ፣ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት ወቅት የፓርቲ ሰልፍ አይፈቀድ፤ ለአምልኮ ያልተፈቀደ ስብሰባ ለድምፅ ልመና ሊፈቀድ አይገባም። ሦስተኛ፣ ሥራው በሕግ ለሚቆምበት ሰው፣ ለጫኙ፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለግጭ ተነሺዎች ዓይነት ወገኖች፣ ገደቡ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚበሉ ይታሰብ። «ማዕድ እናጋራ» ተብሎ የተጀመረው መልካም ነበር፤ ግን በበጎ ፈቃድና በካሜራ ፊት የሚሰጥ እርዳታ የታወቀ መብትን አይተካም።

ለራሳችንም የምንለው አለን። ባለሥልጣን ስለጣሰ እኛም እንጥሳለን ማለት አይሆንልንም። ነፍስን መጠበቅ የአላህ ትእዛዝ እንጂ ለባለሥልጣን የምንሰጠው ውለታ አይደለም። በ2012 መስጂዳችንን የዘጋነው ፖሊስ ፈርተን ብቻ አልነበረም፤ በረድፉ የሚቆሙትን ሽማግሌዎቻችንን አስበን ነው። ኢማሞቻችንና የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ዛሬ፣ በሽታ ሳይኖር፣ ለጀመዓው ያስተምሩ። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ትምህርት እንደ መንግሥት ማስታወቂያ ይሰማልና። የመስጂዱ የዘካና የሶደቃ ኮሚቴም በሰፈሩ ሥራው ቢቆም ማን መጀመሪያ እንደሚራብ ከወዲሁ ይወቅ።

የቅስቀሳው ወቅት ነውና ወደ ደባርቅም ወደ ዳባትም ለድምፅ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ስለ መንገድና ስለ መብራት እንደምንጠይቀው ይህንንም እንጠይቀው፦ ነገ ወረርሽኝ መጥቶ እኛን አትሰብሰቡ ስትለን አንተ የት ትሆናለህ? መልሱን ቃል በቃል እንያዘው። አቡ ዑበይዳህ የትም እንዳልሄዱ እናውቃለን።

ወላሁ አዕለም።